ኮሌታ ውስጥ የተሰፋ ስም

"ይሄ ፎቶ የማን ነው?" አለች የአዲሱ ሆቴል ግዢ ሠራተኛ ኢፍቱ በስልክ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ሰብሊ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። "የትኛው?"

"ዌብሳይታችሁ መጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው፣ ሰማያዊ ኮት የለበሰችው አስተናጋጅ። ትናንት አንድ አስመጪ የቱርክ ዩኒፎርም ካታሎግ ሰጥቶን ነበር። ይህችው ልጅ፣ ይኸው ኮት፣ ይኸው ፈገግታ። የእናንተ ልብስ ሰፊ ያለው ቱርክ ነው እንዴ?"

የስፌት መኪናው ዝም አለ። ጋሽ ወልዱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ቀና አሉ።

"ማለቴ... ፎቶው እኮ..." አለች ሰብሊ።

"በቃ ስሚኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር ለአለቃዬ አስገባለሁ። እስከዚያ የራሳችሁን ሥራ ካላየሁ አወጣችኋለሁ።" ስልኩ ተዘጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው። ሰብሊ መጀመሪያ ያጠፋችው ፎቶውን አልነበረም። ወደ ገጹ ግርጌ ወርዳ "ዲዛይን፦ ሰብሊ አብርሃ" የሚለውን መስመር ነበር ከነስልክ ቁጥሩ የሰረዘችው። እጇ ከእሷ ቀድሞ ነው የሠራው።

ጋሽ ወልዱ ካዛንቺስ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሰፍተዋል። "ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ አረንጓዴው በር" ከተባለ ማንም አይጠፋውም ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ዳቦ ቤቱም በሩም ሄዱ። እሳቸው ቂርቆስ ውስጥ አንድ ጓሮ ክፍል ተከራዩ፤ ደንበኞቻቸው ግን ተከትለዋቸው አልመጡም። ሰባት ወር ሙሉ ሱሪ ሲያሳጥሩና ዚፕ ሲቀይሩ ከረሙ። አሁን ካዛንቺስ የሚከፈተው አዲስ ሆቴል ለሰማንያ ሠራተኛ ዩኒፎርም ሊያሰፋ ነው፤ ዌብሳይት የሌለውን ግን አይመዘግብም። ይህ ሥራ ካመለጣቸው የጨርቅ ጠርዝ መዘምዘሚያ መኪናቸውን፣ ኦቨርሎኩን፣ በወሩ መጨረሻ ይሸጡታል። ገዢውም መጥቶ አይቶታል።

ወሎ ሰፈር ያለ አንድ ድርጅት ለዌብሳይቱ ዘጠና አምስት ሺህ ብር ሲጠይቃቸው ሰብሊ በአሥራ አምስት ሺህ ተቀበለች። "ከነሱ የተሻለ ባልሠራ ብሩን አይስጡኝ" ብላ። ሥራውን የተማረችው ከስልኳ ነው፤ ሰርተፍኬት የላትም። "የት ነው የተማርሽው?" ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፦ "አንተ ስትተኛ።" ገጹ በእርግጥም ጥሩ ነበር። በርካሽ ስልክ ሳይቀር ቶሎ ይከፈታል፣ ጽሑፉም አይን አያደክምም። ፎቶው ብቻ... ያን ቀን የክፍሉን ግድግዳ፣ የጨርቅ ቁርጥራጩን፣ አምፖሉን አይታ "ጋሼ፣ ይሄን ካሳየን የሚመጣልን ሱሪ አሳጣሪ ነው" አለችና ከኢንተርኔት አወረደች።

"ምን አለች ልጅቷ?" አሉ ጋሽ ወልዱ።

"ሲስተም ነው" ብትላቸው ያምኗታል። በዚህ ከተማ ሲስተም ያልተሸከመው ጥፋት የለም።

"ፎቶው የሰው ነው ጋሼ" አለች። "የቱርክ።"

"ሞዴል ናት አላልሽኝም?"

"ሞዴልም ናት።"

"የሰው ሥራ በእኔ ስም ለጠፍሽ?"

"ሁሉም እኮ እንደዚህ ነው የሚያደርገው!"

"ሁሉም!" ተነሡ። በሩ አጠገብ በላስቲክ ተሸፍኖ ከተሰቀለው ቡናማ ኮት ላይ ላስቲኩን ገፈፉት። ለሆቴሉ ናሙና ብለው የሰፉት ነው፤ ሰብሊ ሁለት ሳምንት ሙሉ በትከሻዋ እየገፋችው ትገባ ትወጣ ነበር። ኮሌታውን ገለበጡላት። በጥፍር መጠን ነጭ ጨርቅ ላይ፣ በቀይ ክር፦ ወልዱ፣ ካዛንቺስ።

"ከእጄ የወጣ ልብስ ሁሉ ይህ አለበት።"

"የተበላሸብዎትም?"

"እሱማ በተለይ! ሰውዬው እንከኑን ተሸክሞ የት ይሂድ?"

ሰብሊ ኮቱን አንጠልጥላ ወደ ግቢው ወጣች፤ ከአከራይዋ አንሶላ ጎን ገመዱ ላይ ሰቀለችው።

"ገልብጪው" አሉ ከኋላዋ።

"ጋሼ፣ ፊቱ ነው የሚያምረው!"

"የግዢ ሠራተኛ ናት ያልሽኝ። ልብስ ከገባት ውስጡን ነው የምታየው።"

ገለበጠችው። ገበሩ አንድ ቦታ እንኳ አልተጨማደደም፤ ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ እጃቸውን ከነጠመኔው፣ ከዚያ ያቺን ቀይ ክር። ፎቶዎቹን ገጹ ላይ ልትጭን ተመልሳ ስትቀመጥ ኔትወርኩ መንቀርፈፍ ጀመረ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ፎቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። "ና እንጂ፣ አንተ ግም!" አለችው ላፕቶፑን። ጋሽ ወልዱ ሰዓታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፤ ላለማየት ነው።

አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሁሉም ገብተው የቱርኩን ፎቶ ተኩ። ሊንኩን ላከች።

ኢፍቱ ወዲያው ጻፈች። "አየሁት፣ ይሄ ሥራ ነው። ግን አለቃዬ የፊተኛውንም አይቶታል። ያን ፎቶ ማን ለጠፈው ቢለኝ ምን ልበል? ልብስ ሰፊው ነው?"

ሰብሊ ስክሪኑን አፍጥጣ አየችው። ባለፈው ሳምንት ኢፍቱ "ለእህቴ ፔንሲዮንም ዌብሳይት ትሠሪላታለሽ" ብላት ነበር። ሲስተም ነው። ሁለት ቃል።

"ምን አለች?" አሉ ጋሽ ወልዱ።

"ትንሽ ይጠብቁኝ፣ አንድ ነገር ረስቻለሁ።"

ወደ ገጹ ግርጌ ወረደች። የሰረዘችውን መስመር ከነስልክ ቁጥሩ መልሳ ጻፈች፤ አስቀመጠች፤ መቀመጡንም ከስልኳ ከፍታ አረጋገጠች። ከዚያ ለኢፍቱ መለሰች።

"እኔ ነኝ። እሳቸው ፎቶው የማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። አለቃሽ ከጠየቀሽ ስሜም ስልኬም ከገጹ ግርጌ አለ።"