በርሜሉ ተሞልቷል

የልጅ ልጄን ዮርዲን መጠርጠር የጀመርኩት «ተሞልቷል» ባለችኝ ጊዜ ነው።

እሑድ ነበር። ከቅዳሴ ተመልሰን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ውሃው በርሜል ሄድኩና ክዳኑን አነሣሁ። እስከ አፉ ሞልቷል።

«ማነው የሞላው?» አልኳት።

«ተሞልቷል አባባ» አለችና ነጠላዋን ልታጣጥፍ ገባች።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው። ሰዋስው አላውቅም። ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት በምድር ባቡር ጥገና ቤት ነው። እዚያ አለቃችን «ይህን ብሎን ማን አጠበቀው?» ብሎ ሲጠይቅ «እኔ አጠበቅኩት» ያለውን አልፎት ይሄዳል። «ጠብቋል» ያለውን ግን ቁልፍ አንሥቶ ራሱ ይሞክረዋል። ብዙ ጊዜ ብሎኑ ይዞራል። የሠራ ሰው ራሱን ከሥራው ላይ አያወጣም። «ተሞልቷል» የሚል አፍ አንድ ሰው ደብቋል።

ልጄ ግሩም ካረፈ ወዲህ ሚስቱ ዝናሽና ሁለቱ ልጆቿ ከእኔ ጋር ናቸው። ዝናሽ ቢሮ ስለምትውል ልጆቹን ሥርዓት ማስያዝ የእኔ ድርሻ ነው። የቤቱ ሕግ አጭር ነው። መጀመሪያ ጸሎት፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ቁርስ። እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው፤ ስለ ሥራውም በራሱ አፍ ይመልሳል። ትንሹ ሰይፈ ሚካኤል ግቢ ይጠርጋል። ዮርዲ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ውሃው የእሷ ነው። ሥራ ከኃጢአት የመጣ ቅጣት ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። አዳም ገነትን እንዲያበጅ የታዘዘው ገና ሳይበድል ነው። ለልጆቹ ይህን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ውሃ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው በፈረቃ ነው። ድሮ ቅዳሜ ነበር። ከጰራቅሊጦስ ወዲህ ግን ወደ እሑድ ንጋት ዞረ። እኛ ቅዳሴ ቆመን ሳለ ይመጣል፤ ሳንመለስ ይሄዳል። ያኔ ዮርዲ መጥታ ጠይቃኝ ነበር።

«አባባ፣ ምን ላድርግ?»

«ቅዳሴ አይቀርም። በሰንበት አትሠሪም። በርሜሉም አይጎድልም።»

«እንዴት ይሆናል?»

«እሱን አንቺ እወቂ። ሥራው ያንቺ ነው።»

አሁን በርሜሉ ሙሉ ነው። እሷ ደግሞ ቅዳሴ ነበረች። ነበረች ወይ? ሴቶቹ የሚቆሙት በሌላው በኩል ነው፤ ከእኔ ቦታ አይታዩም።

«አባባ፣ ውሃው አለ አይደል? ምን ጎደለብዎት?» አለችኝ ዝናሽ።

«ሰው።»

«የምን ሰው?»

«የሞላው ሰው።»

«መልአክ ይሆናላ!» ብላ ሣቀች።

«ዮርዲ ክዳኑን በድንጋይ ትጭነዋለች። ዛሬ ድንጋዩ መሬት ላይ ነው። መልአክ ዕቃ አዝረክርኮ አይሄድም።»

ነገሩ ስለ አንድ በርሜል ብቻ ቢሆን በተውኩት። ግን በዚያው ሰሞን ሴት ልጄ ማዘንጊያ ከአዳማ ደውላ ነበር። ልብስ ስፌት ቤት አላት። «ዮርዲን ለክረምቱ ይላኩልኝ፤ መቁረጥና መስፋት ላስተምራት» አለች። ዮርዲ አሮጌ መጋረጃ ቀድዳ በእጅ መርፌ ቀሚስ የምትሰፋ ልጅ ናት። ስልኩን ከሰማች ጀምሮ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ሌላ ነገር ለምናኝ አታውቅም። እኔ ግን መልሴን ያዝኩ። ማዘንጊያ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ናት፤ ልጅቱን የሚያያት የለም። ከአጠገቤ ሆና ሰው የምትደብቅ ልጅ እዚያ ሄዳ ምን ልታደርግ ነው? ሰው ሳያያት የምትሠራ መሆኗን ሳላረጋግጥ አትሄድም አልኩ። ለእናቷም ይህንኑ ነገርኳት። ዮርዲ ከበሩ ኋላ ሆና ሰማች።

ቀጥሎ የመጣው ዓርብ ባሰ። ከትምህርት ቤት ወጥታ ምሳ ሳትበላ ጠፋች። በጠራራው ፀሐይ ተመልሳ ስትገባ በአጠገቤ አለፈች፤ ጭስ ሸተተኝ። የወተት ዕቃ የሚታጠንበት እንጨት ጭስ ነው። ከጭሱ ሥር ወተት አለ፤ የግመል ወተት። ድሬ ያደገ ሰው ይህን ሽታ አይስተውም። ዓርብ ነው፤ ጾም ነው። ደግሞ የግመል! በእኛ ቤት ግመል አይቀመስም።

«የት ነበርሽ?»

«ኻድራ ጋ።»

ኻድራ ከመንገዱ ማዶ ያለችው የካፊያ ልጅ ናት፤ ከዮርዲ ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ። ካፊያ ከጀልዴሳ የሚመጣ የግመል ወተት ትሸጣለች።

«ምን ጠጣሽ?»

«ምንም አልጠጣሁም አባባ።»

«እጅሽን አምጪ።»

ሰጠችኝ። አሸተትኩት።

«እጄ ሸተተ እንጂ አፌ አልሸተተም» አለች።

«አፍሽንማ እየሰማሁት ነው» አልኳት።

የሚቀጥለው ዓርብ ከበራችን ፊት ካለው የኒም ዛፍ ኋላ ቆምኩ። ካፊያና ኻድራ ትንሿን ልጅ ይዘው ለጁምዓ ለብሰው ወጡ፤ ባጃጅ ይዘው የደቻቱን ወንዝ ሊሻገሩ ወደ መጋላ ሄዱ። በሩን ቆልፈዋል። ጥቂት ቆይቶ ዮርዲ መጣች። ግራ ቀኝ አየች። ከቦርሳዋ ቁልፍ አውጥታ የሰው ቤት ከፍታ ገባች።

ባዶ ቤት ውስጥ ምን ትሠራለች?

ወዲያው አንድ ፒካፕ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ወጣት ነው። ቢጫ ጀሪካኖች አወረደላት፤ አንድ ነገር ተናግሮ አሣቃትና ሄደ። የወንድ ነገርም አለበት ማለት ነው፤ አልኩ በልቤ።

«አየነው!» ብሎ አንድ ድምፅ ከኋላዬ በስሜ ጠራኝ። ባለ ሱቁ ዑግባድ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ወደ መስጊድ እየሄደ ነው። «ከዛፍ ኋላ ሆነህ ምን ታያለህ? ስምህን መተዳደሪያ አደረግከው እንዴ?»

«መንገድህን ሂድ፤ ሶላት ያመልጥሃል።»

«ሶላቱ አያመልጠኝም። አንተን ግን ፀሐይ ይመታሃል አቦ!»

ዮርዲን ያን ቀን ምንም አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት «ተከፍቷል»፣ «ተገብቷል» ትለኛለች። የእሑዱን በዓይኔ ማየት ፈለግኩ።

እሑድ ንጋት ለቅዳሴ ሲነሡ «ጉልበቴ ያመኛል» አልኩ። በሽታ ሳይዘኝ ቅዳሴ ቀርቼ አላውቅም። ዝናሽ ደነገጠች። ዮርዲ ይበልጥ ደነገጠች፤ አየኋት። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ዘጋችው። ሄዱ። መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ቧንቧው ማፏጨት ጀመረ። ውሃው መጣ። ትንሽ ቆይቶ የግቢያችን በር በቁልፍ ተከፈተ። የእኔ በር! ኻድራ ገባች። ልክ እንደ ዮርዲ የውሃውን ጎማ ከግድግዳው አወረደች፣ ከቧንቧው ጋር አያያዘች፣ ድንጋዩን መሬት ላይ ጣለች፣ ክዳኑን አነሣች። እየሞላች በሶማሊኛ ታንጎራጉራለች። በርሜሉ እስኪሞላ ዝም አልኳት። ከዚያ ወጣሁ።

«ቁልፉን ከየት አመጣሽው?»

ጎማው ከእጇ አምልጦ እሷንም እኔንም አራሰን።

«ወላሂ አባባ አየነው፣ ሌባ አይደለሁም!»

«ሌባ ውሃ ሞልቶ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ማን ላከሽ?»

«ማንም። ተራዬ ነው።»

«የምን ተራ?»

ቧንቧውን ዘጋችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ድሬ ተወልዳ አንቱታ አታውቅም፤ እንደ እኩያዋ ነው የምታናግረኝ።

«እናንተ እሑድ ትሄዳላችሁ፤ እኛ ጁምዓ እንሄዳለን። ወተታችን በጁምዓ ሰዓት ነው የሚመጣው። ኻሊፍ መስጊድ ሲሄድ ጥሎት ያልፋል፤ ሲመለስ ባዶውን ጀሪካን ይወስዳል። እስኪመለስ ካልተገለበጠ፣ ካልታጠበ፣ ካልታጠነ ነገ ወተት የለም። እሱን ዮርዲ ትሠራልኛለች። የእሷን ውሃ እኔ እሞላላታለሁ። አለቀ።»

«ኻሊፍ ምኗ ነው?»

«የእሷ? የእናቴ ወንድም ነው! ልጆች አሉት፤ ምን ነካህ?»

«ወተቱን ትቀምሳለች?»

ሣቀችብኝ። «እሷ? አፍንጫዋን ይዛ ነው የምታጥበው። እናቴ አንድ ቀን በኩባያ ሰጠቻት፤ ጾም ነው አለች። ሌላ ቀን ሰጠቻት፤ ዛሬም ጾም ነው አለች። እናንተ ግን መቼ ነው የምትበሉት?»

አባቴ ከደጋ ሲመጣ ብዙ ቃል ይዞ መጥቷል። ከእነሱ አንዱ ወንፈል ነው። ዛሬ አንተ የእኔን እርሻ ታርሳለህ፤ ነገ እኔ ያንተን። ድሬ ላይ የምናርሰው ስለሌለ ቃሉን ለልጆቹ አስተምሬያቸው አላውቅም። እኔ ያስተማርኳቸው የየራስን መሥራት ነው። ዮርዲ ይህንን ከማን እንደ ተማረች አላውቅም።

ቢሆንም ወዲያው አላመንኩም። ሁለት ልጆች ተማክረው አንድ ቃል ሊይዙ ይችላሉ። «ተቀመጪ» አልኳት ኻድራን። «እሷ እስክትመጣ አትሄጂም።»

ዮርዲ በሩን ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ኻድራን ነው። ቀጥሎ እኔን። ዝናሽና ሰይፈ ከኋላዋ ቆሙ።

«ማነው የሞላው?» አልኩ።

ነጠላዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«ኻድራ ሞላችው።»

«ዓርብስ?»

«ዓርብ ወተቱን እኔ ተቀበልኩ። ጀሪካኑን እኔ አጠብኩ። እኔ አጠንኩ።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ግመል ሲሰሙ ይቆጣሉ ብዬ። ይከለክሉኛል፤ በርሜሉ ይጎድላል። መዋሸት ደግሞ አልፈለግኩም።»

«ስለዚህ ተሞልቷል።»

«ተሞልቶ ነበራ!»

ዝናሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«የቤቴን ቁልፍ ለሰው ሰጠሽ።»

«እሷም የቤታቸውን ሰጠችኝ።» ነጠላዋን ለቀቀችና በጣቷ መቁጠር ጀመረች። «አባባ፣ ያዘዙኝ ሦስት ነገር ነው። ቅዳሴ አልቀረሁም። በሰንበት አልሠራሁም፤ ለኻድራ እሑድ ሰንበት አይደለም። በርሜሉም አልጎደለም። የቱን አፈረስኩ?»

አሰብኩ። ቀዳዳ ፈለግኩ። በሰው እጅ ሰንበት መሻር ይሆን ወይ ብዬ አሰብኩ። ይህን አንድ ቀን ቄሱን እጠይቃለሁ። ለጊዜው ግን የሚዞር ብሎን አላገኘሁም።

«ጉልበትዎ ተሻለዎት አባባ?» አለች ዝናሽ።

ሁሉም አዩኝ። እንደ ሕጉ በራሴ አፍ መመለስ ነበረብኝ።

«ቅዳሴ የሚያስቀር ሕመም አልነበረብኝም። ልሰልል ነው የቀረሁት።»

ማንም አልሣቀም። ኻድራ ብቻ አማርኛው ያልገባት መስላ ወደ ሰማይ አየች።

«አዳማ ሂጂ» አልኳት ዮርዲን። «ለማዘንጊያ ዛሬ እደውልላታለሁ።»

ትዘላለች ብዬ ነበር። አልዘለለችም። ፊቷ መጀመሪያ በራ፤ ከዚያ ጠቆረ።

«ዓርቡን ማን ይይዛል?» አለች። «ክረምቱን ሙሉ ነው። ካፊያ እኔን ይዛ ሌላ ሰው አልፈለገችም። ጥያት አልሄድም።»

«ሰይፈ ይይዘዋል።»

«ሰይፈ ይጠጣዋል።»

ሰይፈን አየሁት። አልካደም።

ልጅቱ እየለመነችኝ የከረመችውን ነገር በእጇ ይዛ መልሳ ልትሰጠኝ ነው። እየደለለችኝ ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁ። እንባዋ ሞልቷል፤ ግን አልፈሰሰም። ለመደለል የሚያለቅስ ልጅ ያፈሰዋል።

«እኔ እይዘዋለሁ» አልኩ።

«እርስዎ?» አለች ዝናሽ። «የግመል ወተት? በዓርብ?»

«እቀበለዋለሁ አልኩ እንጂ እጠጣዋለሁ አላልኩም።»

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዮርዲ በአውቶቡስ ሄደች። ለማዘንጊያ በስልክ አንድ ምክር ብቻ ነገርኳት። ልጅቱን «ማን ሠራው?» ብለሽ ጠይቂያት፤ «እኔ» ካላለች ስፌቱን ገልብጠሽ እዪው።

ዓርብ ሲደርስ መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። ካፊያ ቁልፉን ሰጠችኝ። ጀሪካኑ እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንጨቱ የት እንዳለ፣ ጭሱ ምን ያህል እንደሚበቃ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

«ጋሽ አየነው፣ ውሃ እንዳትጨምርበት እንግዲህ» አለች።

«ውሃችን በእሑድ ብቻ ነው የሚመጣው» አልኳት።

ሣቀች፤ ከኻድራ ጋር ባጃጅ ውስጥ ገብታ ሄደች። ዘወር ስል ትንሿ ልጇ ሂቦ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ጉልበቷን አቅፋ ታየኛለች።

«አንቺ ለምን አልሄድሽም?»

«እናቴ ተቀመጪ አለችኝ።»

«ለምን?»

«አንተን እንዳይ።»

አልተቀየምኩም። እኔም ብሆን አስቀምጥ ነበር።

«ዮርዲ ስትሠራም እንዲህ ተቀምጠሽ ታዪያት ነበር?»

ልጅቱ ጥያቄው ገረማት። «ዮርዲን?» አለች። «ዮርዲን ማን ያያል?»

የኻሊፍ መኪና መጥቶ ቆመ። እጅጌዬን ጠቀለልኩ።