ከወንበር መነሣት

ግራ ጎኑን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ባሏን የምታነሣውም የምታስተኛውም እሷው ናት። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ከዚያ መልሶ ወደ አልጋ። ዕድሜዋን ሙሉ የደንብ ልብስ በሚሠራ ፋብሪካ የስፌት መኪና ስትረግጥ ስለኖረች ጉልበቶቿ ከእሷ ቀድመው ጡረታ ወጥተዋል። እሱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ጓደኞቹ «ማርሽ» ብለው ያወጡለት ስም እቤትም ገብቶ ቀረ። በሽታው ምላሱን ቢያከብደውም ከሰውነቱ ክብደት ግን ምንም አልቀነሰለትም።

አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒ ወስዳው ሳለ የጫማውን ክር ልታስር ጎንበስ አለች። ቀና ያለችው ግድግዳ ይዛ፣ እያቃሰተች ነው። የምታክመው ወጣት ሴት ዓይኗን ከማርሽ ላይ አንሥታ እሷን አየቻት።

«እናቴ፣ እቤት ማነው የሚያነሣቸው?»

«ማን አለ ብለሽ ነው? እኔው ነኛ።»

«እርስዎንስ?»

«እኔማ ገና አልወደቅሁ» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ግን አልወጣላትም።

«እስቲ እጅዎን ሳይደገፉ ከዚህ ወንበር ይነሡ።»

ሞከረች። ቂጧ ከወንበሩ ትንሽ ከፍ አለና ተመልሶ ዱብ አለ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ማርሽ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መነሣት ካለመቻሏ ይልቅ የእሱ ፊት መዞር አንጀቷን በላው።

ወጣቷ ቀላል ቀላሉን እንቅስቃሴ አሳየቻት። ወንበሩ ላይ ትራስ ደርቦ፣ ደረትን ወደ ፊት ጥሎ ቀስ ብሎ መነሣት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ ግድግዳ በመዳፍ መግፋት፤ ዕቃ ማጠቢያውን ይዞ ተረከዝ ማንሣት። በመጨረሻም ምንጣፍ ላይ አስተኝታ፣ የወደቀ ሰው እንዴት በጎኑ ተገልብጦ፣ በአራት እግሩ ድሆ፣ የሚደገፈውን ነገር ይዞ እንደሚነሣ አሠራቻት።

«ጡንቻ ቢዝል ደግ ነው» አለቻት። «መገጣጠሚያዎን ከወጋዎት ግን ያቁሙ። አይታገሉት።»

መንገዱን ሙሉ አጉረመረመች። «ስነሣ ስቀመጥ የምውል ሰው፣ ደግሞ ተነሺ ተቀመጪ ትለኛለች!»

በማግሥቱ ሻይ ጠጥተው ሲያበቁ ማርሽ፣ «በይ ተነሺ» አላት።

«ምን ልስጥህ?»

«ምንም። ተነሺ ተብለሻል።»

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ደህናው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ረዳት እንደሚያሠለጥን ሾፌር ይጮኽባታል። ዱብ ብላ ስትቀመጥ፣ «ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዢ እንጂ!» ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ፣ «ጎማሽ ገብቷል፣ አውጪው!» አንዳንዴ ትስቃለች። ብዙውን ጊዜ ግን ትደክማለች፤ ጉልበቷ ያበጠ ቀን ጭራሽ ትተወዋለች።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል።

«የእኔ እንቁላል ሪህ አለበት፤ ተወኝ።»

እየቆየ ትራሱ ሳሳ፤ አንድ ቀንም ያለ ትራስ ተነሣች። ማርሽ አጨበጭባለሁ ብሎ ጭኑን መታ። እሷ ደስ አላት ለማለት ያስቸግራል፤ ያልታጠበ ልብስ ይጠብቃት ነበር።

አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግፋው ስትዞር እግሩ አዳለጠውና ይዟት ወደቀ። እሱ በጎኑ፣ እሷ በጀርባዋ እርጥቡ ወለል ላይ ተዘረሩ። ክርኗ ደማ። ስልኩ መኝታ ቤት ነው፤ የውጪው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጎረቤታቸውን አናጢውን ጠርታ ጮኸች፤ የእሱ መጋዝ ግን ድምፅዋን ዋጠው።

ወለሉ ይቀዘቅዛል። ይገርማል፣ ተመቻት። ከዚህ በታች የምትወድቅበት የለም፤ የምታነሣውም የለም።

«ተጎዳሽ?» አላት።

«አይ። አንተስ?»

«ደህና ነኝ። ተነሺ በይ።»

«ትንሽ ልረፍ፣ ማርሽ። ደክሞኛል።»

የተናገረችው ስለ ዛሬው ብቻ እንዳልሆነ ገባው። ምላሱ እየተጎተተ፣ «እሺ፣ ዕረፊ» አለ፤ ከዚያ በኋላ አልጎተጎታትም። ሰው ዕረፊ ካላት ስንት ጊዜ እንደሆነ ማስታወስ አቃታት። ዓይኗን ጨፍና ከቧንቧው የሚንጠባጠበውን ውሃ አዳመጠች።

ከዚያ በጎኗ ተገለበጠች። ማርሽ በደህናው እጁ ፎጣ ገፋላት፤ ጉልበቷ ሥር አነጠፈችው። እየዳኸች እሱ ሲታጠብ የሚቀመጥበት በርጩማ ጋ ደረሰች፤ በእጆቿ ተደግፋ አንድ እግሯን ተከለች፤ ገፋች። ቆመች።

ልማድ ሆኖባት ወዲያው ብብቱ ሥር ልትገባ ጎንበስ አለች።

«እኔን ተይኝ! ሰው ጥሪ!» ብሎ ተቆጣት።

ፎጣውን ራሱ ሥር አደረገችለት፤ ሄዳ በሩን ከፈተችና አናጢውን ጠራች። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ እንደተበተነ ሮጦ መጣ፤ ማርሽን አቅፎ አንሥቶ አልጋው ላይ አደረሰው።

«እትዬ፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየኖርን ለምን አይጠሩኝም?»

«ሥራ ላይ ነህ ብዬ።»

«ሥራው የትም አይሄድ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጋሼን እኔ አነሣለሁ፤ ከዚያ መጋዜን እይዛለሁ።»

አመሰገነችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አይሆንም ትል ነበር፤ ዛሬ ግን ለእንቢታ የሚሆን አቅም አልነበራትም።

አናጢው ሲወጣ ክርኗን አጥባ ማርሽ አጠገብ ጋደም አለች፤ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ስትደውል፣ ከታመመ ጀምሮ በምላሱ እያፈረ ስልክ ነክቶ የማያውቀው ማርሽ ተንጠራርቶ አነሣው።

«አባዬ? አንተ ነህ? እማዬስ?»

«ተኝታለች» አለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ። «አልቀሰቅሳትም።»