ግሌኒስና የበጉ ታፋ

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሯ ግሌኒስ ታክዌል ፖላንድ ውስጥ ዝነኛ ትሆናለች ብዬ ነበር የሚል የኮንዶቦሊን፣ የዚያች ትንሽ የአውስትራሊያ ከተማ፣ ሰው ካለ ውሸታም ነው። እሷ ራሷም አላሰበችው። ዓርብ ዓርብ በከተማዋ መዝናኛ ክበብ ሽልማቱ ሥጋ የሆነ የሎተሪ ዕጣ ታወጣለች፤ በየዕጣው መሃል ባለዕድሉን ትተርባለች፤ በቃ። የአንድ ገበሬ ፖላንዳዊት ምራት በስልኳ ቀረጸቻትና ንግግሯን ወደ አገሯ ቋንቋ መልሳ ለቀቀችው። ከዚያማ ምኑ ይወራል! ዋርሶ ድረስ አስጠሯት፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀላት።

ስትመለስ ግን ክበቡ ሌላ ሆኖ ጠበቃት። ገና ስትገባ ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበ። ክላሪ እንኳ! ይህ ሽማግሌ ስንት ዓመት ሙሉ "ወሬሽን ተይና ሥጋውን አምጪ!" እያለ ሲጮህባት የኖረ ነው። አሁን ሸሚዙን አስተኩሶ፣ እጁን አጣጥፎ፣ "እንኳን ደህና መጡልን" አላት።

ግሌኒስን ሆድ ባሳት። እነዚህ ሰዎች የሚሰድቡት የራሳቸውን ሰው ነው፤ ትሕትናቸውን ለእንግዳ ያስቀምጡታል። ታዲያ እሷ መቼ ነው እንግዳ የሆነችው? "ክላሪ ሳይሰድበኝማ ከዚህ መድረክ ንቅንቅ አልልም" አለች በልቧ።

በክላሪ ራሰ በራነት ቀለደች። ፈገግ አለ። በመኪናው ቀለደች፣ በውሻው ቀለደች። "ጎበዝ፣ ጎበዝ" አላት። ጎበዝ ብሎ ነገር! እልኳ መጣ።

የመጀመሪያው ዕጣ ለራሱ ለክላሪ ወጣ። ደንቡን ሕፃን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የወጣለት ከጠረጴዛው ላይ የፈለገውን ሥጋ ይመርጣል፣ ሁሌም የሚመረጠው የበጉ ታፋ ነው። ክላሪ እጁን ሲዘረጋ ግሌኒስ ቀደመችና ታፋውን ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

"ይሄ የኔ ነው። ዋርሶ ውስጥ ለዝነኛ ሰው ቅድሚያ ይሰጣል። አንተ ቋሊማውን ውሰድ።"

የክላሪ ፊት ቲማቲም መሰለ።

"አንቺ ሌባ! መልሺ! ዋርሶ ንግሥት ብትሆኚ ለራስሽ! እዚህ ያቺው የታክዌል ልጅ ነሽ፣ አውቶቡሱን አጥር ላይ የሰቀልሽው!"

"አጥሩ ነው የመጣብኝ!"

"እሱንም ለፖላንዶች ንገሪያቸው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንዱ "ወሬሽን ተይ!" ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ተቀበለው። ግሌኒስ ዓይኗ እንባ እንደሞላ ታፋውን አስረከበች።

ክላሪ ሥጋውን ታቅፎ ወደ ወንበሩ ሲሄድ ዞር አለ። "ደግሞ ድሮም አታስቂም።"

"እግዜር ይስጥህ" አለችው ከልቧ፤ ቀጣዩንም ዕጣ አወጣች።