ከሄድፎኑ ውጪ

ልብስ ሰፊዋ ዕቃ አያያዝ ታውቃለች፤ ይህን የሚክድ ጎረቤት የለም። የስፌት መኪናዋ ከልጇ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ዛሬም ግን እንደ አዲስ ትሠራለች። ዘይቷን በጊዜው ታገኛለች፣ ሥራ ሲያበቃ ገመዷ ከሶኬት ይነቀላል፣ ጨርቋን ትለብሳለች። ሌላ ሴት ለባሏ የማታደርገውን እሷ ለመኪናዋ ታደርጋለች ብለው ያሟት ነበር። ውሸት ነው ማለት ግን ያስቸግራል።

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ በወጣ ማግስት ኪቦርድ ተሸክሞ መጣ።

«በዚህ ዕድሜህ ምን ልትሆን ነው?» አለችው።

«ለልጄ ሠርግ ዜማ እሠራለሁ። ስትገባ የሚመታ፣ የማንም ያልሆነ፣ የራሷ።»

መሪ የለመደ እጅ ለዜማ ቶሎ አይገራም። መጀመሪያ ሰሞን ያንኑ ነገር ሲደጋግም፣ ሲሳሳት፣ እንደገና ሲጀምር ውሎ ያመሽ ጀመር። እሷ ደግሞ በቀጭኑ የጣውላ ግድግዳ ማዶ የደንበኛ ወገብ ትለካለች። አንድ ቀን መርፌዋ ጣቷን ወጋትና ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ሰው፣ ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ!»

አልተቆጣም። ሄዶ ሄድፎን ገዝቶ መጣ። ከዚያ ወዲያ ዜማው ለእሱ ብቻ ሆነ፤ ለእሷ በጣውላው በኩል የሚደርሳት ቁልፎቹ ሲነኩ የሚሰማው ደረቅ ኳኳታ ነበር። ጠቅ፣ ጠቅ-ጠቅ፣ ጠቅ። እሱ እንኳ ሲቋረጥ «ዛሬ ምን ሆነ?» ብላ ቀና ትል ነበር፤ ለእሱ ግን ነግራው አታውቅም።

ስለ አያያዙ ብዙ አስተምሯታል። ሻይ ይዘሽ አትጠጊው፤ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር አታኑሪው፤ ከመክፈትሽ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጊ። ይህ ሁሉ ቶሎ ገባት፤ መኪናዋም ብትሆን እንዲሁ ናትና። አንድ ቀን ብቻ የሳሙና ጨርቅ ጨምቃ ቁልፎቹን ልትጠርግ ስትል እጇን ያዛት።

«አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ! በደረቅ ነው እንጂ!»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያን ቀን ኪቦርዱን በደረቱ ገልብጦ፣ ከሆዱ ሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍቶ፣ የተደረደሩትን ባትሪ ድንጋዮች እያሳያት አንድ ነገር ነገራት። እሷ ወደ መኪናዋ ተመልሳ ነበር፤ የቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች፣ ቀና ሳትል «እሺ» አለችው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሄድፎኑ ፀጉሩን እንዳስተኛው በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ጨረስኩት! ኪቦርዱ ላይ ቀድቼ አስቀምጬዋለሁ። ነይ ስሚው።»

«ይችን እጅጌ ልጨርስ።»

«አጭር ናት እኮ።»

«ነገ እሰማዋለሁ። የት ይሄዳል?»

«እሺ» አለ፤ «የት ይሄዳል።»

ነገ ሌላ እጅጌ ነበረ። ከነገ ወዲያም አይጠፋም። በዚያው ሳምንት ልቡ ከዳውና፣ የሄደው ዜማው ሳይሆን እሱ ሆነ።

ልጃቸው ሩቅ ከተማ ነው የምትሠራው። ለቀብር መጥታ ቤቱ በሰው እንደተጨናነቀ መመለሻዋ ደረሰ። ሠርጉም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ስትሰናበት እናቷን አቅፋ፣ «የአባዬን ዜማ ስመለስ አብረን እንሰማዋለን» አለቻት።

«እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቅልሻለሁ።»

ጠበቀችም። ብቻዋን ልትሰማው ድፍረቱ አልነበራትም፤ የልጇን ድርሻ መስረቅም መሰላት። ለኪቦርዱ ከደህና ጨርቅ ልብስ ሰፋችለት። በደረቅ ጨርቅ ታብሰዋለች፣ ፀሐይ ስታገኘው ታዞረዋለች። ዝናቡ መጥቶ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ መብረቅ እንዳይጎዳው ብላ ገመዱን ነቀለችው።

በአንዱ ዝናባማ ቀን መብራት ጠፋና የእጅ ባትሪዋን ፈልጋ አነሳች። አልበራ አላት። ብትከፍተው ድንጋዮቹ አፍስሰው፣ አረንጓዴ ዝገት ሽቦውን በልቶታል። ክው አለች። ኪቦርዱም እኮ ይኸው ዓይነት ድንጋይ ሆዱ ውስጥ አለ! ሮጣ ሄዳ ገለበጠችው፤ ክዳኑን ከፍታ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ደረቅና ንጹሕ ናቸው። በጨርቅ ጠቅልላ የልብስ ቁልፍ በምታኖርበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተቻቸው።

«እሰይ! ደረስኩልህ» አለችው ኪቦርዱን። ያን ቀን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ልጅቱ ተመለሰች። ሁለቱም ወንበር ስበው ተቀመጡ። እናት ልብሱን ገፈፈች፣ ገመዱን ሰካች፣ እሱ እንዳስተማራት ድምፁን መጀመሪያ ዝቅ አደረገች። መብራቱ በራ። ልጅቱ ማጫወቻውን ተጫነች። ዝም። ድምፁን ከፍ አደረገች። አሁንም ዝም። ደጋግማ ነካካችው።

«ባዶ ነው የሚለው» አለች። ቆይታም፣ «እማዬ፣ ባትሪ ድንጋዮቹስ?»

«አውጥቻቸዋለሁ! አፍስሰው እንዳይበሉት ብዬ።» ቆርቆሮዋን በኩራት አምጥታ ከፈተች። «ይኸው፣ አንድም አልተነካ።»

«ገመዱም ተነቅሎ ነበር?»

«መብረቁስ?»

ልጅቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «አባዬ በስልክ ነግሮኝ ነበር። ገመዱ ሲነቀል የቀዳሁትን የሚይዝልኝ ድንጋዩ ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከወጡ ግን ሁሉም ይጠፋል ብሎኛል። ለእናትሽም ነግሬአታለሁ አለኝ።»

ያኔ መጣላት። የተከፈተችው ክዳን፣ በዓይኗ ጥግ ያየችው ጣቱ፣ በመኪናዋ ጩኸት የተዋጠው ድምፁ። የስፌት መኪና ቢነቀል ምን ይጠፋበታል? የሚያስታውሰው ነገር የለውም።

«ነግሮኛል» አለች። «እሺም ብዬዋለሁ።» ቆርቆሮውን መልሳ ዘጋችው። «የባሏን መጽሐፍ አጠበች።»

የሚስቅ አልነበረም።

«አይዞሽ፣ እማዬ። ሆን ብለሽ ነው እንዴ? ባይሆን የምታስታውሺውን ትንሽ አንጎራጉሪልኝ፤ ቁልፎቹን እኔ እፈልጋለሁ።»

ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አልሰማሁትም» አለች። «አንድም ቀን። ሄድፎኑን ያስገዛሁት እኔ ነኝ፤ ነይ ስሚ ሲለኝም እጅጌ ይዤ ነበር።» እንባዋ ወረደ። «ያ ሁሉ ቀን አጠገቤ ነበር እኮ! ግድግዳ ብቻ ነው የለየን።»

የእናትየው ጣት ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። ጠቅ፣ ጠቅ-ጠቅ፣ ጠቅ። የት እንደሚቸኩል፣ የት እንደሚያመነታ፣ ሁልጊዜ የሚሳሳትባት ቦታ የት እንደሆነች፣ ሁሉንም ታውቀዋለች። ልጅቱ እጇን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ልትከተላት ሞከረች። አንዱን ነካች፣ ሌላውን ነካች። የቱ እንደሆነ ማን ይንገራት? እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አኖረች።

«ቀጥዪ፣ እማዬ» አለቻት።

ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻው መታችው። በመጨረሻው ሁልጊዜ እሱ ሲነሳ ወንበሩ ይንቋቋ ነበር፤ ያን የመጨረሻ ቀን ደግሞ ከወንበሩ ድምፅ ቀጥሎ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ነበር። እጇን ከጠረጴዛው አነሳች። ሳይታወቃት ወደ በሩ ዞረች።

«መጣሁ» አለች።