ዴራዱን የቀረው ፈተና

ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው ከእኔ ይልቅ የጓጓችው እናቴ ነበረች። ሕግ መማሬ ያን ያህል አስደስቷት አይደለም። ፈተናው የሚሰጠው ከእኛ በራቀችው ከተማ፣ ዴራዱን ነበር፤ ዴራዱን ደግሞ እህቴ ማንጁ አለች።

እኛ ተራራ ላይ ያለችው የአልሞራ ከተማ ሰዎች ነን። አባቴ ጎበርዳን ራውቴላ ገበያው መሃል ጣፋጭ ቤት አላቸው። ማንጁ ከእኛ ወገን ያልሆነ፣ አገሬው ዝቅ አድርጎ የሚያየው ቤተሰብ ልጅ አገባች። አባቴ አልጮኹም፣ አልተራገሙም። “በዚህ ቤት ስሟ እንዳይነሳ” አሉ፤ አልተነሳም። ኢራ የምትባል ሴት ልጅ መውለዷን እንኳ የሰማነው ከጎረቤት ነው።

የመፈተኛ ቦታዬ የታወቀ ዕለት እራት ላይ እናቴ ቀና ሳትል፣ “ሴት ልጅ ብቻዋን ዴራዱን ድረስ አትሄድም። እኔ አብሬያት እሄዳለሁ” አለች።

አባቴ ቂጣቸውን ምስሩ ውስጥ እየነከሩ ቆዩ። የት እንደምናድር አልጠየቁም። “ፈተናው ባለቀ ማግስት ትመለሳላችሁ” ብቻ አሉ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ሹራብ መሥራት ጀመረች። የማታውቃትን የልጅ ልጇን ቁመት ከየት ታምጣ? በሰፈራችን የሚያልፉ ሕፃናትን እያስቆመች ሹራቡን ጀርባቸው ላይ ትለካ ነበር። “የእኛዋ ከዚች ትተልቃለች?” ትለኛለች። እኔም ስለማላውቅ፣ “ትንሽ ሰፋ አድርጊው” እላታለሁ።

ኮሮና መጣና ፈተናው ተራዘመ። መልሶ ተራዘመ። እናቴ ሹራቡን ተርትራ ከፍ ባለ ልክ እንደ አዲስ ጀመረችው። ልጅ መቼም ሰው ይምጣልኝ ብላ ሳታድግ አትጠብቅም።

አንድ ቀን የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ካንድፓል፣ አፍንጫቸው ከጭምብሉ በላይ ወጥቶ፣ መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

“ሄማ፣ ደስ ይበልሽ። መንከራተት ቀረልሽ። ፈተናው በኢንተርኔት ሆኗል፤ ሁሉም ከየቤቱ ነው አሉ።”

እናቴን ማድቤት ውስጥ ሩዝ ስትለቅም አገኘኋት። ነገርኳት።

“ከየቤቱ ማለት?”

“ከዚሁ ማለት ነው፣ እማዬ።”

“ዴራዱን የሚሄድ ሰው የለም?”

“የለም።”

“ጥሩ ነው” አለች። “በሽታ በሞላበት መንገድ ምን ትሠሪያለሽ።” የያዘችውን ሩዝ ለቅማ ጨረሰች፤ ከዚያ የተለቀመውን ከእንክርዳዱ ጋር መልሳ ደባለቀችና እንደገና መልቀም ጀመረች።

ከፈተናው በፊት የሙከራ ቀን ነበር። ከርዕሰ መምህሩ የተዋስኩትን ላፕቶፕ ይዤ ተቀመጥኩ። ከቤታችን ፊት ለፊት ተራራ ስላለ ኢንተርኔት እንደ ልብ አይገባም፤ ፊቴ ስክሪኑ ላይ አፌን እንደከፈትኩ ደርቆ ቀረ። መስመሩ ለፈተና አይበቃም የሚል ጽሑፍ መጣ።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጫፍ እያደረቀች፣ “ማንጁ ቤት ጥሩ መስመር አለ ይባላል” አለች።

ስሙ ቤታችን ውስጥ ከተጠራ ስንት ጊዜው። አባቴ ከጋዜጣቸው ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

“ማነው ያለው?”

“ሰው ነዋ።”

“መንገድ ዝግ ነው።”

“ለፈተና ከሆነ ያሳልፋሉ አሉ፤ ይጠይቁና።”

አባቴ ጋዜጣውን አጥፈው፣ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። የይለፍ ፈቃድ ሊጠይቁ የሄዱ መስሎን እኔና እናቴ ተያየን። ሹራቡን ከሣጥን አውጥታ ቁልፍ ትተክልበት ጀመር።

ሲመለሱ በእጃቸው የያዙት የበር ቁልፍ ነበር። “ካንድፓል የትምህርት ቤቱን ቢሮ ክፈትላት ብሎኛል። እዚያ መስመሩ ጠንካራ ነው።”

እናቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

በፈተናው ቀን ሦስታችንም ወደ ባዶው ትምህርት ቤት ወጣን። ተማሪ ከጠፋ ወዲህ ኮሪደሩን ዝንጀሮዎች ወርሰውታል። አባቴ በትር ይዘው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ እናቴ ከጎናቸው። እኔ በሩን ዘጋሁ። ከየት እንደሆነች የማላውቃት ፈታኝ፣ ካሜራውን አዙሬ ግድግዳውንና የጠረጴዛውን ሥር እንዳሳያት አዘዘችኝ። “ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ?” አለችኝ። “የለም” አልኳት። የሰው ድምፅ ከተሰማ ፈተናው እንደሚሰረዝ ነገረችኝ። እናትና አባቴ ያን ሁሉ ሰዓት ደጅ ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እነሱ እንኳ ዝምታውን ለምደውታል።

ስጨርስ እናቴ ገባች።

“አለቀ?”

“አለቀ።”

ላፕቶፑን ራቅ ብላ አየችው። “ይሄ ነገር የሚያሳየው ፈታኞችን ብቻ ነው?”

ገባኝ። ከጎረቤት ያገኘሁትን የእህቴን ቁጥር በቃሌ ነው የማውቀው፤ በላፕቶፑ ደወልኩ። ማንጁ ብቅ አለች፤ ፀጉሯ በፎጣ ተጠቅልሏል። እናቴን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“እማዬ፣ ከስተሻል።”

“አንቺ ነሽ የከሳሽው። አትበይም እንዴ?”

እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያጠራቀሙት ወሬ የት እንደገባ እንጃ። ያን ጊዜ ኢራ እየሮጠች መጣችና ፊቷን ካሜራው ላይ ለጠፈች።

“ይቺ ማናት?”

“አያትሽ።”

“ለምን አትገባም ታዲያ?”

እናቴ ሳቀች፤ እየሳቀች ስክሪኑን በጣቷ ዳሰሰች። ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ካሜራው በማያያቸው በኩል። በትሩ በእጃቸው ነው። ብዙ ቆሙ። ማንጁ ከሄደች ወዲህ እናቴን የሚጠሯት “የሄማ እናት” እያሉ ነበር፤ ያን ቀን ግን፣

“የማንጁ እናት” አሉ፣ “ልጅቷን ትንሽ ወደ ኋላ በያት። ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየው።”

ከዚያ ማንጁ ቀስ ብላ፣ “አባዬ?” አለች።

አባቴ ዝንጀሮ ሊያባርሩ ወጡ። ዝንጀሮ ግን አልነበረም።

ፈተናውን አለፍኩ። ትምህርቱም ቢሆን በኢንተርኔት ሆነና ክረምቱን ከካንድፓል ቢሮ ሳልወጣ ከረምኩ። እናቴ ምሳ ላድርስላት እያለች ትመጣለች፤ ምሳውን እኔ እበላለሁ፣ እሷ ኢራን ታያለች። አባቴ ምሳው ለምን ይህን ያህል እንደሚቆይ ጠይቀው አያውቁም።

በመጨረሻ የሕግ ትምህርት ቤቱ ተከፈተና ዴራዱን ሄድኩ፤ እናቴም ልታደርሰኝ አብራኝ ወጣች። አባቴ ሻንጣችንን ተሸክመው አውቶቡስ ድረስ ሸኙን። ከሱቃቸው ያመጡትን የጣፋጭ ካርቶን ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጡ። አብረው አልተሳፈሩም። እሷም ተመለሽ ስላላሏት ነው መሰለኝ፣ እስካሁን ማንጁ ቤት ናት።

አመሻሽ ላይ አባቴ ይደውሉልኛል። ስለ ትምህርቴ ይጠይቃሉ፤ ስለ ብርዱ ይጠይቃሉ። ከዚያ እንደ ዋዛ ይጨምራሉ።

“እናትሽስ?”

“ደህና ናት። ትደውልልዎ?”

“አይ፣ ሥራ ላይ ትሆናለች።”

ትናንት ማንጁ ቤት ሳለሁ ደወሉ። ኢራ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አሻንጉሊቶቿን ትገሥጻለች።

“የማነው ድምፁ?” አሉኝ።

“የኢራ ነው። ላቅርብልዎ?”

አልመለሱም፤ አልዘጉምም። ስልኩን ኢራ አጠገብ ምንጣፉ ላይ አስቀምጬው ወደ ማድቤት ሄድኩ። ሻይ አፍልቼ ስመለስ አሻንጉሊቶቹ አሁንም እየተገሠጹ ነው፤ መስመሩም እንደተከፈተ ነበር።