መቶ አስራ ስምንት

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው ጎርፉ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር የሞላው፣ ሰው አልነበረበትም፣ አንድም፣ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ፣ የሞተ የለም፣ የጠፋ የለም፣ ከችኮላዬ ስምንቷ ዘጠኝ መሰለች፣ እሰርዛለሁ፣ እንደገና ስምንት።

መስኮቱ ሥር ገበያተኞቹ ይጮኻሉ፣ ሳይረን! ሳይረን! እኔን ነው፣ አምና የጎርፍ ማስጠንቀቂያውን ሳይረን በባዶ ሜዳ አስጩኼ ገበያተኛው ሲሸሽ ሌባ ሱቁን ያራገፈ ጊዜ ያወጡልኝ ስም፣ ያኔ ስድብ ነበር፣ ዛሬ እልልታ፣ አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል፣ ማን ነበር ጠዋት፣ አንዴ ብትደግሚው ቁልፉን ታስረክቢያለሽ ያለኝ፣ እሱው፣ ይሳቅ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እዚህ ፀሐይ፣ ዝናቡ ተራራው ላይ፣ ተራራው ላይ ያሉት ጋሼ ሚሊ ብቻ፣ ጡረተኛው አስተማሪ፣ የዝናብ መለኪያውን ጠርሙስ እያነበቡ ሚሊሜትሩን የሚደውሉልኝ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ደወሉ፣ ልጄ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወዲህ መቶ አስራ ስምንት፣ ጋሼ እርግጠኛ ነዎት? በዓይኔ ያየሁትን! መመሪያው ከሰማንያ በላይ ሳይረን ይላል፣ ከሰማንያ በታች ዝም፣ ተጫንኩት።

ማንም አልተነቃነቀም።

ሮጬ ወረድኩ፣ ባለጫማው ፀሐይዋን በጣቱ እያሳየኝ ዛሬስ ማንን ልታሰርቂ ነው፣ ሳቅ፣ እናቴ ክርና አዝራሯን ዘርግታ፣ እማዬ ተነሺ፣ አታዋርጂኝ ሰው እያየን ነው፣ እማዬ አዝልሻለሁ፣ አዝዬ ያሳደግኩሽ አንቺ? ሞክሪያ! ሞከርኩ፣ አዘልኳት፣ እውነቴን ነው፣ ጀርባዬን በቡጢ እየደበደበች፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ፣ ገበያው በሳቅ ፈረሰ፣ ግን ተነሳ፣ ለማስጠንቀቂያ ያልተነሳ ሕዝብ ጉድ ለማየት ግልብጥ ብሎ ተከተለን፣ ባለጫማው ሌባውን ፈርቶ ዕቃውን በጆንያ እየጎተተ ከኋላ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ ጉብታ፣ ወገቤ ሊቆረጥ፣ ከዚያ ድምፁ፣ ድንጋይ የሚገለብጥ መኪና የመሰለ፣ አንድ አይደለም፣ መቶ መኪና፣ ሳቁ ቆመ። የገበያው ቆርቆሮ ከነግንዱ ሲሄድ አየን። እናቴ ጀርባዬ ላይ ናት፣ አውርጂኝ አላለችም።

ስልኩ ይጠራል፣ ጋሼ ሚሊ! ጋሼ አንድ ሰው አልሞተም፣ አንድ! እሳቸው ግን፣ ልጄ፣ አሁን ልደፋው ስሄድ ነው ያስታወስኩት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት አንብቤ ጠርሙሱን አልደፋሁትም፣ ጉልበቴ ይዞኝ ነበር፣ ከነውሃው መልሼ አስቀመጥኩት፣ እስከ ጠዋት የዘነበውን ደርቤ ነው የነገርኩሽ፣ ይቅር በይኝ።

ጠዋት የጻፍኩትን መስመር በጣቴ እፈልጋለሁ፣ ሃምሳ ሰባት፣ ከመቶ አስራ ስምንት እቀንሳለሁ፣ ስልሳ አንድ። ስልሳ አንድ ነው የዘነበው። ስልሳ አንድ ብለውኝ ቢሆን፣ ከሰማንያ በታች፣ ዝም፣ እኔ እዚህ ወንበር ላይ፣ እማዬ እዚያ አዝራሯን እየደረደረች፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ፣

ጋሼ፣ ይሰሙኛል? ጉልበትዎን ይሹት፣ ጠርሙሱን ይድፉት፣ እና ይሄን ጩኸት ይስሙ፣ ስልኩን ወደ መስኮቱ እዘረጋለሁ፣ ሳይረን! ሳይረን! ከመሃል የእናቴ ድምፅ፣ ጫማዬን የወሰደ ይመልስ!

መቶ አስራ ስምንትን እሰርዛለሁ፣ ስልሳ አንድ። ከዚያ ወንበሩ ላይ እቆማለሁ፣ መመሪያው ግድግዳው ላይ ነው፣ ማኅተም ያለበት፣ አለቃዬ ኧረ ምን ልታደርጊ ነው ይላል፣ ሰማንያን እሰርዛለሁ።

ሃምሳ።