መሪ የያዘ እጅ

ጎንደር ላይ መኪና መንዳት ማስተማር ሌላ አገር የሌለ ችግር አለበት፤ ይህን ደግሞ ከአሠልጣኙ ከበላቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በላቸው ሃያ ሰባት ዓመት በጭነት መኪና ሊማሊሞን ሲወጣ ሲወርድ ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲደክም አራዳ ካለ አንድ የአሽከርካሪ ማሠልጠኛ አስተማሪ ሆኖ ገባ። ማርሽ የሚያንቋቋው፣ ፍሪሲዮን የሚያቃጥለው፣ ስልኬን ካልጎረጎርኩ የሚለው ጎረምሳ ሁሉ በእጁ አልፏል። ስልኩን ቀምቶ ኪሱ ይከተዋል፤ አለቀ። የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ልጅ ህሩይ ግን የሚቀማ ነገር አልነበረውም።

ህሩይ ጨዋ ልጅ ነው። አይቸኩልም፣ አይሳደብም፣ እግረኛ ሲያይ ቆሞ ያሳልፋል። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ባለፈ ቁጥር መሪውን ለቆ ያማትባል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ ይላል። ከተማዋ ደግሞ ባለ አርባ አራት ታቦት ናት! በላቸውም ክርስቲያን ነው፤ የመሪጌታን ልጅ «አታማትብ» የሚልበት አፍ ከየት ያምጣ? ስለዚህ በእሱ በኩል ባለው ሁለተኛ ፍሬን ላይ እግሩን አሳርፎ፣ ከልጁ ጋር አብሮ እየጸለየ ሰነበተ።

ሰኞ ጠዋት ከቁስቋም ቁልቁል ሲመለሱ የፈራው ደረሰ። ቅዳሴ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያኗ እየወጣ ነው። አንዲት ባልቴት ከበሩ ወጥተው፣ ጀርባቸውን ለአስፋልቱ ሰጥተው ይሰግዳሉ። አንዴ ይሰግዱና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ፤ ደግመው ይሰግዱና ሌላ እርምጃ። በዚያችው ቅጽበት ህሩይ እጁን አነሳ፣ ዓይኑን ጨፈነ። በላቸው ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬኑን ረገጠ። ጎማው ጮኸ፤ መኪናዋ ከባልቴቷ ነጠላ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

ሴትዮዋ ዞር ሲሉ አመድ የመሰሉ ሁለት ፊቶች አዩ። የእሳቸው ፊት ግን በራ።

«እሰይ ልጆቼ! ማኪና አቁሞ መሳለም እንዴት ሸጋ ነው! የዛሬ ልጅ መች እንዲህ ያደርጋል? ቁስቋም ማርያም ትከተላችሁ!» ብለው መርቀዋቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ህሩይ መሪው ላይ ተደፋ። «አያ በላቸው፣ እጄ እኮ ሳላዘው ነው የሚሄድ። ገና በሦስት ዓመቴ አባቴ ይዞ ያስለመደኝ ነው።»

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ። በላቸው ተናደደም፣ አዘነም። ሐሙስ ፈተና ነው። የህሩይ አጎት ትክል ድንጋይ ከተማ ፒክአፑን አቁሞ፣ ህሩይ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ እንዲነዳለት ይጠብቃል። «ለፈተና ብቁ ነው» የሚለው ወረቀት ላይ የሚፈርመው ደግሞ በላቸው ነው።

«ዛሬ እኔ ጎንህ ስላለሁ ቆመች» አለው። «ትክል ድንጋይ መንገድ ላይ ማን ሊረግጥልህ ነው? አልፈርምም። ና፣ አባትህ ዘንድ እንሂድ።»

መሪጌታን ያገኟቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው። በላቸው ቆቡን አውልቆ ነገሩን በፍርሃት ተናገረ። መሪጌታ ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«አንተ በላቸው፣ ልጄን ታቦት አትሳለም ልትለው መጣህ?»

«እኔስ ምን አፍ አለኝ፣ የኔታ! ግን ሴትዮዋን ልንገድላቸው ነበር። እሳቸው ለእመቤታችን ሲሰግዱ፣ እሱም ለእመቤታችን ሲሰግድ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። በላቸው ቁጣ ሲጠብቅ እሳቸው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ህሩይ፣ ታቦት የተሸከመ ካህን በሌላ ደብር ደጅ ሲያልፍ ይሰግዳል?»

«አይሰግድም፣ አባ።»

«ምነው?»

«ታቦቱ ይወድቅበታላ።»

«እጁንስ ያነሳል?»

«ይዞበት የለ! በምኑ ያነሳል?»

«እንግዲያ መሪ የያዘም እንዲሁ ነው። አንተም የተሸከምከው ነፍስ ነው። ስትወርድ፣ ስትቆም፣ እንደ ልብህ ተሳለም። እስከዚያ በሆድህ በል፤ እመቤታችን የሆድህን ታውቃለች።»

በላቸው በደስታ ሊያቅፋቸው ምንም አልቀረው። ቢሆንም ቃል ሌላ፣ እጅ ሌላ መሆኑን ያውቃል። መሪጌታም ያውቁ ኖሮ፣ ረቡዕ ጠዋት ጥምጣማቸውን አስተካክለው «እኔም ልየው» ብለው ከኋላ ገቡ።

ሚካኤል ደጅ ሲደርሱ የህሩይ ጣቶች ተንቀሳቀሱ፤ መልሰው መሪውን ጨበጡ። ከኋላ መሪጌታ ያማትባሉ። በአታ ደጅ ሲደርሱ ንፋስ የደብተሯን ወረቀት የበተነባት አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ፣ ከቆሙት ባጃጆች መሃል ተወርውራ መንገዱ ውስጥ ገባች። በላቸው እግሩን ወደ ፍሬኑ ወረወረ። ፍሬኑ ግን በህሩይ እግር ቀድሞ ወርዷል፤ እግሩ የሚረግጠው አላገኘም። መኪናዋ ቆማለች። ልጅቱም ወረቀቷን ለቅማ፣ ምንም እንዳልሆነ እየሳቀች ተሻገረች።

በላቸው ለስንት ወር ደረቱ ላይ የከበደው ነገር ወረደለት። ተመስገን አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከዳሽቦርዱ ላይ ወረቀቱን አንስቶ እዚያው ጭኑ ላይ ፈረመ።

መሪጌታ ከፊት ወንበሩ ጋር ተጋጭተው ጥምጣማቸው ተፈቷል። ልጅቱ የሄደችበትን አቅጣጫ ትክ ብለው ያያሉ።

«እኔ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ አየሃት?»

«አየኋት፣ አባ።»